የወተት መንጋጋ ጥርስን ያለ ምክንያት ስለ መንቀል

ዛሬ ወደ ጥርስ ሕክምና ክፍላችን የመጣች የስምንት ዓመት ልጅ፥ ሊሞላ ይችል የነበረው የላይኛው የወተት መንጋጋ ጥርሷ «ያው መውደቁ አይቀርም» ተብሎ ቀደም ሲል መነቀሉን ስላየሁ፥ ይህን ለአሶሳና ለአካባቢዋ ወላጆች ለመጻፍ ተገደድሁ።

1ኛ. የንቅለቱን ጉዳት ለመረዳት አስቀድሞ ጥርስ እንዴት እንደሚፈልስ ማወቅ ይገባል። ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንደ ምስማር ተመትቶ የቆመ አይደለም። ሥሩን ከአጥንቱ ጋራ የሚያያይዘው ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ስስ ጅማት ነውና፥ ጥርስ ለማቃናት የሚታሰረው ሽቦ የለዘበና ያልተቋረጠ ኃይል ሲያሳርፍበት፥ በተጫነው ወገን አጥንቱ እየሟሟ፥ በተሳበው ወገን አዲስ አጥንት እየታነጸ፥ በወር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይፈልሳል። ኃይል ሲበዛ ጉዞው ይፈጥናል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው፤ የደም ሥሮቹ ይታፈናሉ፥ ሥሩም ይበላል።

2ኛ. ወደ ፊት የፈለሰውን የላይኛውን መንጋጋ ጥርስ ለመመለስ፥ በፊት ጥርሶች ላይ ተደግፎ ወደ ኋላ የሚገፋ መሣሪያ ሁሉ በዚያው ልክ እነርሱን ወደ ፊት ይገፋል። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ መልህቅ፥ ማለት ጸንቶ የሚቆም መደገፊያ፥ ይሻል፤ ይኸውም በአንገት የሚታሰር መሳቢያ፥ ወይም ሂልገርስ የተባለው አሜሪካዊ በ1992 እ.ኤ.አ. እንዳሳወቀው በላንቃ ላይ የሚያርፍ ሰሌዳ፥ ወይም በአጥንት የሚተከል ትንሽ ብሎን ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያች ያለ ጊዜዋ ከተደረገች አንዲት የወተት ጥርስ ንቅለት ነው! በስድስት ዓመት ገደማ የሚበቅለው ቋሚ መንጋጋ ጥርስ ከፊቱ ያለው የወተት ጥርስ ሲታጣ እየዞረ ወደ ፊት ይነዳል፤ ከ10 እስከ 12 ዓመት የሚመጡት ተተኪዎችም ማደሪያቸው ተወስዶባቸው፥ ክራንቻው ከረድፉ ወጥቶ ከድዱ ላይ ይበቅላል። በቀለበትና በአንዲት ሽቦ ስፍራውን መጠበቅ ይቻል ነበር። ነገር ግን ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት በየዓመቱ በሚያቀርበው ዘገባ የተነቀለው ጥርስ ብዛት እንደ በጎ ተግባር ሲመሰገን፥ ከመነቀል የዳነው ከቶ አይቆጠርም፤ መንቀያው ሁልጊዜ ዝግጁ ሲሆን መሙያው ግን «አልቋል» ይባላል፥ ጠያቂም የለ! ኋላም ጥርሱ የተነቀለበት ልጅ ወላጅ ልጁን ይዞ፥ በየወሩ ለሚደረግ የሽቦ ማስተካከያ፥ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል፤ አቅም የሌለውም ይተወዋል።

እንግዲህ ከመንጌም ከባምባሲም ከኩርሙክም ልጆቻችሁን የምታመጡ ወላጆች ሆይ፥ መንቀያው ከመነሣቱ በፊት «ሊሞላ አይችልምን? መነቀሉ ግድ ከሆነስ ስፍራው በምን ይጠበቃል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በሕክምና ካርዱ ላይ አስጽፉ።