ነገርን ከሥሩ፤ የኔትወርክ ችግር እንዴት ይፈተሻል?

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ለኮምፒዩተር ሥራም ያገለግላል።

ሊኑክስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. የጀመረው የኮምፒዩተር ሥርዓት እምብርት ነው፤ ይህም እምብርት ከርነል ይባላል። የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለማንም ክፍት በመሆኑ፥ የፈለገ ሰው አስፈላጊዎቹን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ወደ ማሽን ቋንቋ እየለወጠ የራሱን ሥርዓት ከመሠረቱ ሊገነባ ይችላል። «ሊኑክስ ፍሮም ስክራች» የተባለው መጽሐፍ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ሥራው ብዙ ሰዓት፥ አንዳንዴም ቀናት ይፈጃል።

አንድ ሰው እንዲህ ደክሞ የገነባው ሥርዓት ተነሣለት፤ ከኢንተርኔት ጋር ግን አልገናኝ አለው እንበል። ሰውየው ተስፋ ቆርጦ ሁሉን ደምስሶ እንደገና ለመጀመር ያስባል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የተበላሸው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነው። ሁሉን የሚያፈርስ ሰው ደኅናውን ከታመመው ጋር ያጠፋል፤ ያንኑ ስሕተትም መልሶ ሊሠራ ይችላል። እናንተ በእርሱ ቦታ ብትሆኑ ከቅርቡ ጀምራችሁ ወደ ሩቁ መሄድ ይገባችኋል።

በመጀመሪያ ገመዱን ተመልከቱ። በሚገባ ተሰክቷልን? በመሰኪያው አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራትስ ትበራለችን?

ሁለተኛ፥ ከርነሉ የኔትወርክ ካርዱን ማወቁን አረጋግጡ። «አይፒ ሊንክ» የተባለው ትእዛዝ የታወቁትን መገናኛዎች ይዘረዝራል። በዝርዝሩ ውስጥ ማሽኑ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት «ሎ» ብቻ ከታየ፥ ካርዱ አልታወቀም ማለት ነው። ምክንያቱ ምናልባት ከርነሉ ሲዘጋጅ የካርዱ ድራይቨር ሳይመረጥ መቅረቱ ነው። እንዲህ ሲሆን የሚታደሰው ከርነሉ እንጂ መላው ሥርዓት አይደለም።

ሦስተኛ፥ ስሙን አስተያዩ። በማዘጋጃው ፋይል ላይ የጻፋችሁት «ኢቲኤች0» ሊሆን ይችላል፤ ሥርዓቱ ግን ካርዱ የተሰካበትን ቦታ ተከትሎ «ኢኤንፒ3ኤስ0» ብሎት ይሆናል። ይህ በቤቱ ውስጥ ማንም በማይጠራበት ስም ደብዳቤ እንደ መላክ ነው። መድኀኒቱ በዝርዝሩ የታየውን ስም በፋይሉ ላይ መጻፍ ነው።

አራተኛ፥ አድራሻውን መርምሩ። ማሽኑ ሌላ ማሽን ያልያዘው ቁጥር፥ ለምሳሌ 192.168.1.20፥ ሊኖረው ያስፈልጋል። ወደ ውጭ የሚያወጣው በር ቁጥር፥ ለምሳሌ 192.168.1.1፥ ካልተነገረው፥ ከጎረቤቶቹ ጋር ይነጋገራል እንጂ ከቤቱ አይወጣም።

ከዚህ በኋላ «ፒንግ» በተባለው ትእዛዝ መንገዱን ፈትሹ። ይህ ትእዛዝ አጭር መልእክት ልኮ መልስ ይጠብቃል። በቅድሚያ ወደ 127.0.0.1፥ ማለትም ወደ ማሽኑ ራሱ ላኩ፤ ቀጥሎ ወደ በሩ፤ ከዚያም በሩቅ ወዳለ ቁጥር፥ ለምሳሌ ወደ 8.8.8.8፤ በመጨረሻም በስም ወደሚጠራ አድራሻ ላኩ። መልሱ የቀረበት ደረጃ ችግሩ ያለበትን ስፍራ ይጠቁማል። ሆኖም ለፒንግ እንዳይመልሱ የተደረጉ ማሽኖች ስላሉ፥ በአንድ ዝምታ ብቻ አትፍረዱ።

የሩቁ ቁጥር መልሶ ስሙ ካልመለሰስ? መንገዱ ደኅና ነው፤ የጎደለው ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው አገልጋይ ነው። የእርሱን ቁጥር «ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ» በተባለው ፋይል ላይ በአንድ መስመር መጻፍ ይበቃል። እንግዲህ ያ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሊደመስስ ያሰበው የቀናት ድካም የአንዲት መስመር ጉድለት ብቻ ኖሮበት ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የለወጣችሁትንና ያገኛችሁትን ውጤት በደብተር ላይ መዝግቡ። ሁለት ነገር ለውጣችሁ ግንኙነቱ ቢቀና፥ ያዳነው የትኛው እንደ ሆነ አታውቁም።

መልመጃ

1. በሩ መልሶ የሩቁ ቁጥር ዝም ቢል ችግሩ የት ሊሆን ይችላል? በሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስረዱ።
2. በቤታችሁ የተበላሸ አንድ ዕቃ መርጣችሁ፥ እንዴት እንደሚፈተሽ ከቅርብ ወደ ሩቅ በቅደም ተከተል የሚያስረዳ አንቀጽ ጻፉ።