ከአፋፉ ስንት እርምጃ?

«አውሮፕላን ላይ ኦክስጅን ስለሚያልቅ የሳንባ ሕመምተኛ መሳፈር የለበትም» የሚለው ወሬ ውጭ አገር የተያዘ የሕክምና ቀጠሮ ሲያሰርዝ አይቻለሁ። ወሬው ስሕተት ነው፤ ሰው ይጎዳል።

ኦክስጅን አያልቅም። ጅቡቲም፣ ራስ ዳሽንም፣ አውሮፕላን ውስጥም ከአየሩ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ከቧንቧው ያውቀዋል፤ ውኃው ያው ውኃ ነው፣ ግፊቱ ሲደክም ግን ሦስተኛ ፎቅ አይወጣም። (ስለዚህ «ኦክስጅን አለቀ» ከማለት «አየሩ ሳሳ» ብንል ይሻላል።)

አውሮፕላኑ 11,000 ሜትር ላይ ቢበርም የካቢኑ አየር የሚሳሳው ቢበዛ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ነው። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው! ድሪምላይነር ደግሞ የካቢኑን ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገታ፣ ከቦሌ የተነሳ ተሳፋሪ የሚተነፍሰው አየር ይወፍራል እንጂ አይሳሳም።

ታዲያ አደጋው የት ነው? በደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው። ግፊት ሲቀንስ ሸክሙ እንዴት እንደሚቀንስ በሥዕል ብናሰፍረው አምባ ይመስላል፤ አናቱ ሜዳ፣ ጫፉ ገደል። ሳንባው ጤነኛ የሆነ ሰው ከሜዳው መካከል ቆሟል። አየሩ ሲሳሳ ጥቂት ወደ ጫፉ ይጠጋል፣ አይወድቅም። ሳንባው የተጎዳው ግን ምድር ላይ ሳለም አፋፉ ላይ ነው። ያችው እርምጃ እሱን ገደል ትከተዋለች፤ ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ እንኳ ሊገፋው ይችላል።

አፋፉ የቱ ጋ እንደሆነ በመለየት እኛ የሳንባ ሐኪሞችም እንከራከራለን። በጣት የሚለካው የኦክስጅን መጠን ብቻውን አይበቃም። 15 በመቶ ኦክስጅን ያለው አየር አስተንፍሶ የሚፈትን ምርመራ አለ፤ ግን የተሰላው ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ብናስተነፍስ ከካቢኑ እጅግ የሳሳ አየር ይሆናል። ደግሞም የደቂቃዎች ፈተና የረጅም ሰዓት በረራን አይተካም።

የታሰረ ጋዝ ሌላ ጉዳይ ነው። ባንኮክ ዓይኑ ውስጥ የጋዝ አረፋ ተደርጎለት የታከመ ሰው ጋዙ ሳይጠፋ ቢሳፈር፣ አረፋው ሲሶ ያህል ሊሰፋና ብርሃኑን ሊያሳጣው ይችላል። ቦሌ ማረፉም አያድነውም፤ ከተማዋ ራሷ ከፍታ ላይ ናትና።

ስለዚህ የአየር መንገዱን የሕክምና ቅጽ ቀደም ብላችሁ ለሐኪማችሁ ስጡ። ቅጹን ሲሞላም ይህን ጠይቁት፦ ከአፋፉ ስንት እርምጃ ቀርቶኛል?