የውሻ አከርካሪ፦ የት ይጸናል? የት ይሰበራል?

ከሞያሌ፣ ከማርሳቢትና ከኢሲዮሎ መስመር የሚመጡ ፍየሎች ናይሮቢ ሲደርሱ ብዙዎቹ ወደ ኪያማይኮ ይሄዳሉ። ሰንጋው ደግሞ በዳጎሬቲ ቄራዎች ይታረዳል። ከብቱ እስኪሸጥ ወይም እስኪታረድ ድረስ በሚያድርባቸው በረቶች ውሻ አይጠፋም። ከናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ደቡብ በኪቴንጌላና በካጂያዶ ሜዳ ለሚያረቡ ሰዎች የውሻ ነገር ከዚህም ይበልጣል። አንበሳና ጅብ ወደ በረት ሲጠጉ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የውሻ ጩኸት ነውና።

ይኸው ውሻ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በሥራ ቦታው ነው። የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ጎማ ሥር ተኝቶ ይገኛል፤ ከብት ሲራገጥ መሃል ይገባል፤ መንገድ ሲሻገር ቦዳ ቦዳ ይገጨዋል። ከዚያ በፊት እግሮቹ እየተጎተተ ኋላውን መሬት ላይ ሲያንፏቅቅ ይታያል። «ወገቡ ተቆርጧል» ይባላል፤ ፍርዱም እዚያው ይሰጣል። ወይ ይገደላል፣ ወይ ብብቱን ይዘው አንጠልጥለው በሞተር ብስክሌት ይጭኑታል። ሁለቱም ችኮላ ናቸው። ወገቡ የተመታ ውሻ ሁሉ ያለቀለት አይደለም። ሊድን የሚችለውም በአነሳስ ስህተት ብቻ ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ለምን እንደሆነ የሚገባው አጥንቱ እንዴት እንደተሠራ ሲታወቅ ነው።

ከብት ነጋዴ የሚያውቀው አጥንት

የአካል ምሰሶ የሆነው አጽም ከራስ ቅል፣ ከአከርካሪ፣ ከጎድንና ከፍርምባ አጥንት የተሠራ ነው። እግሮች የሚንጠለጠሉት በዚህ ምሰሶ ላይ ነው። የውሻው ምሰሶ ከሰንጋው ብዙም አይርቅም። ሁለቱም 7 የአንገት አጥንት አላቸው፤ ግመልም ቀጭኔም ቢሆኑ 7 ናቸው፤ የሚለየው የእያንዳንዱ አጥንት ርዝመት ነው። ሁለቱም 13 የጀርባ አጥንትና 13 ጥንድ ጎድን አላቸው፤ የግመል 12 ነው። ወገብ ላይ ውሻ 7 አጥንት ሲኖረው በሬ 6 አለው። ከዳሌ ጋር የሚጋጠመው ክፍል በውሻ 3፣ በበሬ 5 አጥንቶች ተጣብቀው አንድ የሆኑበት ነው። የውሻ የጅራት አጥንት እንደ ዝርያውና እንደ ግለሰቡ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ 20 አካባቢ ይሆናል።

ልዩነቱ ከቁጥሩ ይልቅ በአሠራሩ ይታያል። የበሬ አከርካሪ እንደ ድልድይ ነው፤ ከሥሩ የተንጠለጠለውን ከባድ ሆድ ተሸክሞ ብዙም ሳይታጠፍ ይኖራል። የውሻ አከርካሪ ግን እንደ ደጋን ይለጠጣል፣ ይታጠፋል። ውሻ በሙሉ ኃይሉ ሲሮጥ ጀርባው ይጎብጥና የኋላ እግሮቹ ከፊት እግሮቹ አልፈው ያርፋሉ፤ ከዚያ ጀርባው ይዘረጋና ወደ ፊት ይወረውረዋል።

ሥጋ የሚበልት ሰው አንድ ሌላ ነገር ያውቃል። ወርች ከአካል ሲለይ ቢላው የሚቆርጠው ሥጋና ጅማት ነው፤ የሚፈታ የአጥንት መጋጠሚያ የለም። ታፋ ግን ከዳሌ አጥንት ጋር፣ ዳሌውም ከአከርካሪ ጋር ተጋጥሟል። ውሻም እንዲሁ ነው። የፊት እግሮቹ በሥጋ ብቻ ታዝለው ስለሚኖሩ የመሬቱን ምት ያበርዳሉ። የኋላ እግሮቹ ግን ግፊታቸውን በቀጥታ ለአከርካሪ ያስተላልፋሉ። ስለዚህ የኋላ እግር ጥንካሬም ድክመትም ከወገብ ተለይቶ አይታይም።

በአንገት በኩልም ልዩነት አለ። በሬ ከራስ ቅሉ እስከ ሻኛው ሥር የሚዘልቅ ወፍራም ቢጫ ጅማት ስላለው ከባድ ጭንቅላቱን ያለ ብዙ ድካም ይሸከማል። የውሻው ጅማት ቀጭን ነው፤ የሚጀምረውም ከራስ ቅል ሳይሆን ከሁለተኛው የአንገት አጥንት ነው። የመጀመሪያው የአንገት አጥንት ከራስ ቅል ጋር ተጋጥሞ ጭንቅላቱን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሳል። ሁለተኛው ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል ዲስክ የለም፤ አያይዘው የሚይዟቸው ጅማቶች ናቸው። ውሻን በአጭር ሰንሰለት አስሮ በኃይል መንጨቅ የሚጎዳው ይህንን ቦታ ጭምር ነው።

የሚሰበረው የት ነው?

በትር ግማሹ በጡጫ ተይዞ ግማሹ ቢወዛወዝ የሚሰበረው ከጡጫው ጫፍ ላይ ነው። የውሻ ጀርባም እንዲሁ ነው። የደረት አከርካሪ በጎድን አጥንቶች ታጥሮ ብዙም አይንቀሳቀስም። ወገብ ግን ጎድን የለውም፤ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። የሚንቀሳቀሰው ከማይንቀሳቀሰው ጋር የሚገናኘው በመጨረሻዎቹ ጎድኖችና በመጀመሪያዎቹ የወገብ አጥንቶች አካባቢ ነው። በመኪና የተገጨ ውሻ ጀርባው በብዛት የሚሰበረው ወይም የሚወልቀው በዚሁ መጋጠሚያ ነው።

አጥንቶቹ ራሳቸው ለውጡን ያሳያሉ። ከላይ የሚወጡት ሾጣጣ የአጥንት ጫፎች ከደረት ጀምሮ ወደ ኋላ ያዘነበሉ ናቸው። 11ኛው የጀርባ አጥንት ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ወደ ፊት ያዘነብላሉ።

በአጥንትና በአጥንት መካከል ያለው ዲስክም የሚሾልከው በዚሁ አካባቢ ነው። ዲስክ ከውጭ ጠንካራ ቀለበት፣ ከውስጥ ለስላሳ ጭማቂ ያለው ትራስ ነው። በደረት በኩል የግራና የቀኝ ጎድኖችን ራስ የሚያገናኝ ጅማት በዲስኩ ላይ ስለሚያልፍ ወደ ላይ እንዳይሾልክ ያግደዋል። ይህ ጅማት በመጨረሻዎቹ ጎድኖች ላይ አይገኝም። በዚህም ምክንያት ከ11ኛው የጀርባ አጥንት እስከ 3ኛው የወገብ አጥንት ያለው ክፍል ለዲስክ መንሸራተት በጣም የተጋለጠ ነው። አጭር እግርና ረጅም ጀርባ ያላቸው ዝርያዎች ሳይገጩም በወጣትነታቸው ሊያጋጥማቸው ይችላል።

በመሃል የሚያልፈው ገመድ

አጥንት ቢሰበር ይጠገናል። አሳሳቢው በአጥንቶቹ ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፈው ሕብለ ሰረሰር ነው። በውሻ ይህ ገመድ 6ኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ እግር፣ ወደ ፊኛና ወደ ጅራት የሚሄዱ ነርቮች ብቻ እንደ ፈረስ ጭራ ተዘርግተው ይቀጥላሉ። ጅራቱ በበር ተጨፍልቆ ወይም በኃይል ተጎትቶ የተጎዳ ውሻ ሽንቱን መቆጣጠር የሚያቅተው በዚህ ምክንያት ነው።

በአደጋ ጊዜ ገመዱ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አንደኛው ምቱ ሲያርፍ ነው፤ ይህን የሚመልስ የለም። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት በእብጠት፣ በደም መፍሰስና በላላው አጥንት መንቀሳቀስ የሚመጣ ነው። ውሻውን ያነሳው ሰው ሊቀንሰውም ሊያብሰውም የሚችለው ይህንን ሁለተኛውን ነው።

እግሩን ሰበሰበ ማለት ተሰማው ማለት አይደለም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሽባውን እግር ጣት ቆንጥጦ ውሻው እግሩን ከሰበሰበ «ይሰማዋል፣ ይድናል» ይላል። እግሩን የሚያሰበስበው ትእዛዝ ግን የሚመለሰው ከወገብ አካባቢ ካለው የሕብለ ሰረሰር ክፍል ነው፤ ወደ ጭንቅላት መድረስ አያስፈልገውም። ገመዱ ከዚያ በላይ ሙሉ በሙሉ ቢቆረጥ እንኳ እግሩ ሊሰበሰብ ይችላል።

ሐኪም የሚፈልገው ሌላ ምልክት ነው፦ ውሻው ሲቆነጠጥ ዞሮ ያያል? ይጮኻል? ለመንከስ ይሞክራል? እነዚህ ስሜቱ ጭንቅላት መድረሱን ያሳያሉ። እግሩን ማንቀሳቀስ ባይችልም ሕመሙ የሚሰማው ውሻ ጥሩ ተስፋ አለው። በመኪና ተገጭቶ አከርካሪው የተሰበረና ጥልቅ ሕመም ጨርሶ የማይሰማው ውሻ ግን እንደገና የመራመድ ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ምርመራው አፉ ታስሮ በሐኪም እጅ የሚደረግ እንጂ በረት ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

ሌላም የሚያሳስት ምልክት አለ። አንዳንድ ውሻ ኋላው ሽባ ሆኖ የፊት እግሮቹ እንደ እንጨት ተገትረው ይታያል። ያየው ሰው ሊሞት እያጣጣረ ይመስለዋል። ይህ ጉዳቱ በደረትና በወገብ መጋጠሚያ አካባቢ መሆኑን ያመለክታል፤ ብቻውን የሞት ምልክት አይደለም።

ከመንካት በፊት

ውሻው ሲገጭ ያየ ሰው ከሌለ፣ ቁስልም ካልታየ መጀመሪያ መታሰብ ያለበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው ሁልጊዜ በቁጣና በመናከስ አይመጣም። ኋላው በመስነፍ፣ ድምፁ በመለወጥ፣ ለሃጩ በመዝረብረብና መንጋጋው ወልቆ በመንጠልጠል የሚጀምርም አለ። አጥንት ታነቀ ብሎ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሰው ሕይወቱን ለአደጋ ይጥላል። በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሰው ተጠቂ በሽታውን የሚያገኘው ከውሻ ነው።

እንዲህ ያለውን ውሻ ሳይነኩ ዘግቶ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ይገባል። የተነከሰ ወይም ለሃጭ ቁስሉ ላይ ያረፈበት ሰው ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ታጥቦ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጀመር አለበት። ኬንያ በውሻ አማካይነት የሚመጣውን የሰው ሞት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ዕቅድ አውጥታለች፤ የዕቅዱ መሠረት የውሻ ክትባት ነው። የበረት ውሻ በየዓመቱ ይከተብ የሚባለው ለዚህ ነው።

አነሳሱ

ውሻው መገጨቱ ከታወቀ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይጠቅማል።

መጀመሪያ እንቅስቃሴውን ማስቆም። እንዲቆም ወይም እንዲራመድ መሞከር፣ «ይነሳ እንደሆን እንይ» ማለት፣ የላላውን አጥንት በገመዱ ላይ መፍጨት ነው።

ሁለተኛ አፉን በጨርቅ ማሰር። የታመመ ውሻ ጌታውንም ይነክሳል። መተንፈስ ካስቸገረው ወይም ካስመለሰው ግን አፉ መታሰር የለበትም።

ሦስተኛ እስትንፋሱን፣ የሚፈስ ደሙንና ድዱን ማየት። የነጣ ድድ በውስጥ ደም እየፈሰሰ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል፤ ያኔ ከወገቡ በፊት የሚያሰጋው እሱ ነው።

አራተኛ ሳንቃ፣ የተነቀለ በር ወይም ጠንካራ ቆርቆሮ ከጀርባው አጠገብ ማስጠጋት። ሁለት ሰው አንዱ የትከሻውን፣ አንዱ የዳሌውን ቆዳ ጨብጦ በአንድ ጊዜ ሳያጣምሙ ወደ ሳንቃው መጎተት። ከዚያ በትከሻውና በዳሌው ላይ በሰፊ ጨርቅ ማሰር፤ በቆሰለው ወገብ ላይ ገመድ አይጠበቅም። ሳንቃ ከሌለ በአራት ማዕዘኑ ተወጥሮ የተያዘ ብርድ ልብስ ይሻላል። ጆንያ ውስጥ መክተትና በቦዳ ቦዳ መጫን ግን አከርካሪውን ማጠፍ ነው።

አምስተኛ የሰው ማስታገሻ አለመስጠት። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ፤ ሐኪሙ በኋላ የሚሰጠውን መድኃኒትም ያጠብቡበታል።

ሐኪም ቤት ከተደረሰ በኋላ

በናይሮቢ ካቤቴ የሚገኘው የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል ውሾችንም ያክማል። በኢትዮጵያ ተመሳሳዩ እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመው የቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው። ራጅ አጥንቱን ያሳያል፤ ሕብለ ሰረሰሩን ግን አያሳይም። ስለዚህ «ራጁ ደህና ነው» ማለት ብቻውን አያበቃም፤ የነርቭ ምርመራው አብሮ ይታያል።

አጥንቱ ካልላላና ስሜት ካለ ብዙ ጊዜ ሕክምናው ጠባብ ቦታ ውስጥ ዘግቶ ለሳምንታት ማሳረፍ ነው። ባለቤቱ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ግን ሥራው ቀላል አለመሆኑን ነው። ሽባ ውሻ ፊኛውን ራሱ ባዶ ማድረግ ሊያቅተው ስለሚችል በቀን ጥቂት ጊዜ በእጅ ተጭኖ ማሸናት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ፊኛው ይመረዛል። በየጥቂት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ዳሌው ላይ ይቆስላል። ይህን የሚያደርግ ሰው በረቱ ውስጥ ከሌለ፣ ወይም ስሜቱ ጨርሶ ከጠፋ፣ ያለ ሥቃይ እንዲሞት መወሰን የጭካኔ ሥራ አይደለም። ውሳኔው ግን ከምርመራ በኋላ ይሁን።

ከሁሉ የሚቀለው ጥንቃቄ በጫኝና አውራጅ ሰዓት ነው። መኪና ወደ በረት ሲገባ ውሻውን ማሰር፣ ሹፌሩ ወደ ኋላ ከመመለሱ በፊት ጎማ ሥር አይቶ ማንሳት፣ አንድ ሳንቃም ከበረቱ ጥግ አቁሞ ማኖር ነው። ሳንቃው ለጥጃም ለፍየልም ያገለግላል።