ያውቁ ኖሯል? ማማው የተናገረው፣ አብራሪው የሰማው

በሲቪል አቪዬሽን ታሪክ ከሁሉ የከፋው አደጋ የደረሰው ሰማይ ላይ ሳይሆን ምድር ላይ፣ አንዱ አውሮፕላን ለመነሳት ሲንደረደር እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ማርች 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. በስፔኗ ቴነሪፍ ደሴት፣ ሎስ ሮዴዎስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የኬኤልኤምና የፓን አም ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ከሞት የተረፉት 61 ሰዎች በሙሉ የፓን አም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ነበሩ።

ሁለቱም አውሮፕላኖች ወደ ቴነሪፍ የመምጣት እቅድ አልነበራቸውም። በጎረቤቷ ግራን ካናሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ቦምብ ስለፈነዳ ነው ወደዚያ የተላኩት። ለመነሳት ሲዘጋጁ ማኮብኮቢያውን ጉም ሸፈነው። ማማ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ አውሮፕላኖቹን አያያቸውም፣ እነሱም አይተያዩም። የቀራቸው መገናኛ ሬዲዮ ብቻ ነበር።

ተቆጣጣሪው ለኬኤልኤም ከተነሳ በኋላ የሚከተለውን የበረራ መስመር ነገረው። ይህ የመነሻ ፈቃድ አልነበረም፤ ሆኖም «ቴክ ኦፍ» (መነሳት) የሚለው ቃል በመሀሉ ነበረበት። ረዳት አብራሪው የተነገረውን መልሶ ካነበበ በኋላ «አሁን ቴክ ኦፍ ላይ ነን» ሲል ጨመረ። ተቆጣጣሪው ለመነሳት ተዘጋጅተው የቆሙ መሰለው፤ አውሮፕላኑ ግን መንደርደር ጀምሯል። «ኦኬ» አለ፤ ቀጠል አድርጎም እስኪጠራቸው እንዲጠብቁ ነገራቸው። በዚያችው ቅጽበት ፓን አም ገና ማኮብኮቢያው ላይ እንዳለ ለማሳወቅ ሬዲዮውን ከፈተ። ሁለቱ ድምፆች በአንድ ሞገድ ላይ ተጋጭተው ፉጨት ሆኑ። በኬኤልኤም ኮክፒት በግልጽ የተሰማችው «ኦኬ» ብቻ ነበረች።

እዚህ ላይ ውስጤን የሚያደማኝ ሌላ ነገር አለ። የኬኤልኤም የበረራ መሐንዲስ ተጠራጥሮ፣ ፓን አም ማኮብኮቢያውን አልለቀቀም እንዴ ብሎ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ ከኩባንያው አንጋፋ አሠልጣኞች አንዱ ነው፤ እንደለቀቀ አረጋግጦ መለሰለት። ትክክለኛው ጥያቄ በትክክለኛው ሰዓት ተጠይቋል፤ ደግሞ የሚጠይቅ ግን አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ «ቴክ ኦፍ» የሚለው ቃል የሚነገረው የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? በሌላ ጊዜ ሁሉ «ዲፓርቸር» ነው የሚባለው።

«ሮጀር» ማለትስ «እሺ፣ እፈጽማለሁ» ማለት እንዳልሆነ? «መልእክትህ ደርሶኛል» ከማለት አያልፍም። ስለዚህ አብራሪው የማኮብኮቢያውን ቁጥርና የመነሻ ፈቃዱን ቃል በቃል መልሶ መናገር አለበት። ቦሌ ላይ ሁለቱ ትይዩ ማኮብኮቢያዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ነው ያላቸው፤ የሚለያዩት በ«ግራ» እና በ«ቀኝ» ነው። ያቺ አንዲት ቃል ከተዘለለች ፈቃዱ ጎዶሎ ነው።

የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች «ማኮብኮቢያው ላይ ገብተህ ጠብቅ» የሚለውን ትእዛዝ ለረጅም ዘመን ከሌላው ዓለም በተለየ ቃል ይሰጡ ነበር። እንደ ሌላው «ላይን አፕ ኤንድ ዌይት» ማለት የጀመሩት በ2010 እ.ኤ.አ. ነው።

ተናጋሪው እውነቱን ተናግሮ ሰሚው የሚስትበትም ጊዜ አለ። ኦክቶበር 8 ቀን 2001 ሚላን ሊናቴ ላይ፣ በጉም ውስጥ መንገድ የሳተ አንድ ትንሽ ሴስና ጄት የተቃረበውን ምልክት ስም በትክክል ተናግሮ ነበር። ተቆጣጣሪው ግን ያንን ስም አያውቀውም። ሴስናው ለመነሳት ይንደረደር ከነበረው የኤስኤኤስ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 118 ሰዎች ሞቱ።

ፓሪስ ሻርል ደ ጎል ላይ ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. ተቆጣጣሪው ለአንዱ አውሮፕላን በፈረንሳይኛ፣ ለሌላው በእንግሊዝኛ ትእዛዝ ይሰጥ ነበር። ለኤር ሊበርቴ ጄት የመነሻ ፈቃድ የተሰጠው በፈረንሳይኛ ነው። ሾርትስ 330 የተባለው የጭነት አውሮፕላን ደግሞ በእንግሊዝኛ፣ ሁለተኛ ተራ ይዞ ማኮብኮቢያው ላይ ገብቶ እንዲጠብቅ ተነገረው፤ ተቆጣጣሪው ሁለቱም ከማኮብኮቢያው መነሻ ጫፍ ያሉ መስሎት ነበር። ሾርትሱ ግን የሚገባው ከመሀል ነው። የጄቱ ክንፍ ኮክፒቱን መታው፤ አንደኛው አብራሪም ሞተ።

ለመሆኑ ሁሉም ነገር በትክክል ተነግሮ፣ በትክክል ተነብቦም አደጋ ሊደርስ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 በቶኪዮ ሃኔዳ፣ ለኖቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች እርዳታ የጫነ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን «ናምበር ዋን» (ተራህ አንደኛ ነው) ተብሎ ከማኮብኮቢያው በፊት ወዳለው መቆሚያ እንዲሄድ ተነገረው። ሠራተኞቹ ትእዛዙን አንድም ሳያጎድሉ መልሰው አነበቡ። ካፒቴኑ ግን የመነሻ ፈቃድ የተሰጠው መስሎት ማኮብኮቢያው ላይ ገባ፤ የሚያርፈው የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 መጥቶ እስኪመታው ድረስም እዚያው 40 ሰከንድ ያህል ቆየ። ለወገን እርዳታ ሊያደርሱ ከተነሱት ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ። በኤርባሱ ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ ከሚነደው አውሮፕላን በሕይወት ወጡ። የጃፓን ማማዎችም በቀናት ውስጥ ለሚነሱ አውሮፕላኖች ተራ መንገሩን፣ «ናምበር ዋን» ማለቱን ጭምር፣ ለጊዜው አቆሙ።