ሳህን ላይ የሞተው ካንሰር

አክስቴ የሚኖሩት ሶዶ ከተማ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። ጡታቸው ላይ እብጠት ቢያገኙ ሐኪም ቤት ሄዱ፤ ናሙና እንዲወሰድም ቀጠሮ ተሰጣቸው። ቀኑ ሲደርስ ግን ቀሩ። ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጃቸው ከባሕር አረም የተሠራ እንክብል ልኮላቸው ኖሯል። «ይኼን ልጨርስና እሄዳለሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ ካንሰር ሲገድል ታይቷል ይላል» አሉኝ። ብልቃጡ የሦስት ወር ነው። አጠገቡ ጎረቤት ያመጣችላቸው የሀለኮ ዱቄት ተቀምጧል፤ አዲስ አበባ ሽፈራው የሚሉት መሆኑ ነው።

ባዮሎጂ አስተምራለሁና ጽሑፉ ውሸት ላይሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ያስቸገረኝም እሱ ነው። ቡና እየፈላ፣ «ላቦራቶሪ ውስጥ ገደለ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አጫወትኳቸው።

የባሕር አረሙም ሆነ ቅጠሉ ደርቆ ይፈጫል፣ በአልኮል ተዘፍዝፎ ይጠለላል፤ አልኮሉ ሲተን ወፍራም ጭማቂ ይቀራል። በሌላ በኩል፣ ከዓመታት በፊት ከታማሚ ተወስደው ላቦራቶሪ ውስጥ ሲባዙ የኖሩ የካንሰር ሴሎች አሉ። እነሱ 96 ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ሳህን ላይ ይደረጉና፣ እንደ ሰው ገላ 37 ዲግሪ በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። ጭማቂው በየጉድጓዱ በተለያየ መጠን ይጨመራል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ቢጫ ማቅለሚያ ይገባል። በሕይወት ያሉት ሴሎች ቢጫውን ወደ ሐምራዊ ይለውጡታል፤ የሞቱት አይለውጡትም። ሙከራው ይኼው ነው።

«ታዲያ ከሞተ ምን ቀረ?» አሉ አክስቴ።

«በረኪና ብጨምርበትም እኮ ይሞታል» አልኳቸው። ሳቁ።

ለዚህ ነው ጠንቃቃ ተመራማሪ ጭማቂውን በጤነኛ ሴሎችም ላይ የሚሞክረው፤ ሁለቱንም እኩል ከፈጀ መርዝ ነው። ደግሞም ሳህን ሆድ የለውም፣ ጉበት የለውም። የዋጡት ነገር ጨጓራ ፈጭቶት፣ ጉበት አጣርቶት፣ ምን ያህሉ እብጠቱ ዘንድ እንደሚደርስ ሳህኑ አይናገርም።

ዕፅዋት መድኃኒት አይወጣቸውም ማለቴ አይደለም። አጣጥ ከምንለው ቁጥቋጦ ወገን የሆነ ተክል ከዚሁ ከኢትዮጵያ ተለቅሞ አሜሪካ ተወስዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ሞሪስ ከፕቻን የተባሉ ኬሚስትና ባልደረቦቻቸው ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር አወጡበት። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል አንድ ሚሊግራም እንኳ አይገኝም፤ ሳህን ላይ ግን ያቺው ቅንጣት የካንሰር ሴሎችን ትፈጅ ነበር። ታማሚዎች ላይ ሲሞከር አንጀትንና ነርቭን ጎዳ፣ የታሰበውን ያህልም አልረዳ፤ ሙከራው ቆመ። ኋላ ላይ ተመራማሪዎች የሜይታንሲንን የቅርብ ዘመድ፣ የካንሰሩን ሴል ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አጣበቁት። መርዙ በየመንገዱ እንዳይፈስ ነው። ካድሳይላ የተባለው ይኼ መድኃኒት ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አርባ አንድ ዓመት! በመርፌ የሚሰጥ እንጂ አጣጥ ተቀቅሎ የሚገኝም አይደለም።

የባሕር አረሙ ገና ይህን መንገድ አልጨረሰም። ከቡናማው ዓይነት የሚወጣው ፉኮይዳን በብዙ ላቦራቶሪ ተሞክሯል፤ ካንሰር ይፈውሳል ተብሎ የተፈቀደ እንክብል ግን የለም። አንዳንዱ አረም አዮዲን ስለሚበዛበት እንቅርት ላለበት ሰው አይመችም፤ ፉኮይዳንም የደም መርጋትን ሊያዘገይ ይችላልና ቀዶ ጥገና የሚጠብቀው ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር መውሰድ የለበትም። እናቶቻችን ደግሞ ሐኪም እንዳይቆጣቸው እየፈሩ የሚወስዱትን ይደብቃሉ።

ጡት ላይ ያለ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። ከሆነ ግን ሦስት ወር ብዙ ነው። ማክሰኞ ዕለት ብልቃጡንም ዱቄቱንም በፌስታል ይዘን ሄድን። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ሀለኮውን እንደ ጎመን ሠርተው እንዲበሉት፣ እንክብሉን ግን እንዲያቆሙ ነገረቻቸው፤ ናሙናውም ተወሰደ። ውጤቱን እየጠበቅን ነው።

ማታ ልጃቸው ደወለ። እንክብሉን መተዋቸውን ሲሰማ ሳይከፋው አልቀረም፤ ላቦራቶሪ፣ ላቦራቶሪ ሲል ከስልኩ ይሰማኛል።

«ልጄ፣» አሉት አክስቴ፣ «ሳህኑ እኮ ሆድ የለውም።»