የመረጃ አቀባዮቹ ድርሻ

ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ ያዘጋጇቸው ጥናቶች ተሰድረው ይገኛሉ። የብዙዎቹ የመጨረሻ ገጾች የመረጃ አቀባዮች ዝርዝር ናቸው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን፣ አንዳንዴም ሰውየው ጠንቅቆ የሚያውቀው ጉዳይ ምን እንደሆነ የሚናገር አጭር ማስታወሻ። እነዚህ አዛውንት ስለ ርስትና ግብር፣ ስለ ገበያና ስለ አርበኝነት የሚያውቁትን ለአንድ ወጣት ያጫወቱት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ነው። ጥናቱ የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። የአያቱን ቃል ማንበብ የሚሻ የልጅ ልጅ ስድስት ኪሎ ድረስ ቢመጣ እንኳ፣ ያገኘውን ለመረዳት የምሁራን እንግሊዝኛ ማወቅ ይጠበቅበታል። ዩኒቨርሲቲው ከሕዝብ የሰበሰበውን እውቀት ለሕዝብ መመለሱ ራሱ የምርምሩ አካል ነው፤ ጊዜና ገንዘብ ሲተርፍ የሚሠራ በጎ አድራጎት ተደርጎ መታየቱ ሊያበቃ ይገባል።

ተቋሙ በሩን ለሕዝብ ዘግቶ ኖሯል ማለቴ ግን አይደለም። በ1955 ዓ.ም ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ ሙዚየሙን ያደራጁት ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ናቸው። መኖሪያው የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም የፋሺስት ጣሊያን ጭፍጨፋ የጀመረበት፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም መፈንቅለ መንግሥት ሙከራም ታጋቾች የተገደሉበት ግቢ። የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል እንዳለ ተጠብቆ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል። ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን የባህል ትርኢቱን አደረጃጀት ነው። ዕቃዎቹ ለየብሔረሰቡ በተከፋፈለ ክፍል አልተቀመጡም፤ የሰውን ዕድሜ ተከትለው ከልደትና ከልጅነት ይነሡና በጉልምስና፣ በእምነት፣ በአደንና በእደ ጥበብ አልፈው እስከ ቀብር ይዘልቃሉ። ጎብኚው የአንዱን አካባቢ የልጅ ጨዋታ ከሌላው ጎን ለጎን ያያል፤ ሰው ሁሉ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ተዳሮ እንደሚሞት፣ ይህን የሚያልፍበት ወግ ግን እንደሚለያይ ይገነዘባል። ይህ የዓመታት ምርምር የወለደው ሐሳብ ነው፤ ሐሳቡም ማንም ሰው ገብቶ ሊያየው በሚችል መልክ ቀርቧል። ታዲያ በዕቃ የተቻለው በጽሑፍ የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

የመጀመሪያው መልስ የሳይንስ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው የሚለው ነው። አንድ ጥናት በናይሮቢም በሃምቡርግም ተነቦ እንዲመዘን ከተፈለገ ሁሉም በሚጋራው ቋንቋ መጻፍ አለበት፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍና የፎክሎር ተማሪዎች ጥናቶቻቸውን በአማርኛ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ምርምራቸውም ምርምር መሆኑ አልቀረም። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ በእንግሊዝኛ የጻፉት የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ በአማርኛም ታትሟል፤ አማርኛው ሲወጣ የእንግሊዝኛው ክብር አልተነካም። አንዱ ሌላውን አያስቀርም። መመለሻው ቋንቋም አማርኛ ብቻ ይሁን አልልም፤ አዛውንቱ የተናገሩት በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ ከሆነ በሲዳምኛ መሆን አለበት።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው። የታሪክ ጉዳይ በአገራችን እሳት ነው፤ ምሁሩ አደባባይ ቢወጣ ቃሉ ተቆርጦ ተቀጥሎ የአንዱ ወገን መሣሪያ ይሆናል፣ ስለዚህ ዝም ማለቱ ይሻላል ይባላል። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ በስሙ ያልተናገረው ነገር የተለጠፈበት ሰው ዝምታን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ሆኖም ምሁሩ ሲሸሽ መድረኩ ባዶ አይቀርም። ምንጭ የማይጠቅስ መጽሐፍና የዩቲዩብ ተንታኝ ይሞላዋል፤ አንባቢውም ማመዛዘኛ ያጣል። አንድ የግርጌ ማስታወሻ ወሬውን ማን፣ የት፣ መቼ እንደተናገረው ይነግረናል፤ ሕዝቡ ይህን የማጣራት ልማድ የሚያየው ማጣራቱ በሚገባው ቋንቋ ፊቱ ሲደረግ ብቻ ነው። ሁለት አዛውንት ስለ አንድ ጦርነት የሰጡት ቃል ሲጋጭ ተመራማሪው እንዴት እንዳመዛዘነው ማንበብ፣ ማን ትክክል እንደነበር ከማወቅ ያላነሰ ትምህርት ነው።

የገንዘብና የጊዜ እጥረትስ? መምህሩ የማስተማር ጫና አለበት፣ ዕድገት የሚያገኘውም በመጽሔት በሚያወጣው ጽሑፍ ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የግለሰቡ ሳይሆን የአሠራሩ ነው፤ በደንብ የተሠራ የአማርኛ ወይም የኦሮምኛ ሥራ ለዕድገት ነጥብ ቢያስገኝ ጊዜው ይገኝ ነበር። ደግሞም ሥራው ሁሉ ትልቅ በጀት አይፈልግም። ማንኛውም የመመረቂያ ጥናት ከመጽደቁ በፊት መረጃ አቀባዮቹ በተናገሩበት ቋንቋ የተጻፈ ጥቂት ገጽ ማጠቃለያ እንዲያያዝበት ማድረግ ይቻላል። የማጠቃለያው አንድ ቅጂ ለወረዳው ትምህርት ቤት፣ አንዱም ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ይላክ፤ የአዛውንቶቹም ስም፣ ከፈቀዱ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይስፈር።