የእስረኛ አቤቱታና የይግባኝ መንገዱ፦ ከመዛሊም ችሎት እስከ ካምባ

በእስር ላይ ያለ ሰው ሁለት የተለያዩ ክርክሮች ሊኖሩት ይችላል። አንደኛው መንግሥት የሚያቀርብበት የወንጀል ክስ ነው፤ ሁለተኛው ጠባቂዎቹ ወይም የእስር ቤቱ ኃላፊዎች ለፈጸሙበት በደል እርሱ ራሱ የሚያቀርበው ክስ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛው በአንደኛው ተውጦ እንዳይቀር ሕጉ የሰጠውን መንገድ ያስረዳል።

እስረኛ ባለመብት መሆኑ በእስልምና የሕግ ቅርስ የታወቀ ነው። በ182 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ቃዲ አቡ ዩሱፍ፣ ለኸሊፋ ሃሩን አርረሺድ ባዘጋጁት ኪታብ አልኸራጅ፣ የእስረኞች ቀለብ በዳቦ ፋንታ በየወሩ በዲርሃም እንዲከፈል መክረዋል፤ ዳቦውን ጠባቂዎች ይወስዱታልና። በዚያው ኪታብ ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ ቆሞ መስገድን በሚከለክል ማሰሪያ አንድም ሙስሊም እንዳይያዝ ማዘዛቸው ተዘግቧል። አልማወርዲም ሹማምንት የሚከሰሱበትን የመዛሊም ችሎት ሥርዓት በዝርዝር ጽፈዋል።

በዘመናዊው ዓለም ይግባኝ ምን ሊለውጥ እንደሚችል ያሳየው በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ታስሮ የነበረው ቶማስ ኩፐር ነው። በእምነቱ ምክንያት የሃይማኖት ጽሑፎችን እንዳይገዛ መከልከሉን ገልጾ የእስር ቤቱን ኃላፊ ከሰሰ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋው፤ ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1964 እ.ኤ.አ. ውሳኔውን ሽሮ ክሱ እንዲሰማ አደረገ።

በአገራችን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 የታሰሩ ሰዎች ሰብዓዊ ክብራቸው ተጠብቆ እንዲያዙ፣ ከሃይማኖት አማካሪ፣ ከሐኪምና ከሕግ አማካሪ ጋር እንዲገናኙ ይደነግጋል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 ደግሞ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታን ይፈቅዳል። ይህ አቤቱታ ግን የእስር ቤቱን በር ያስከፍታል እንጂ ካሳ አያስገኝም። ካሳ የሚጠየቀው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው መንግሥትንም መጠየቅ ይችላል፤ የግል ጥፋት ከሆነ ግን መንግሥት ኃላፊ አይሆንም። ቁጥር 2127 ሠራተኛው በቅን ልቦና እንደሠራ ስለሚገምት፣ ተቃራኒውን የማስረዳት ሸክም የከሳሹ ነው።

በ2004 ዓ.ም. የታሰሩት የሙስሊሙ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በማዕከላዊ ስለተፈጸመባቸው በደል ለፍርድ ቤት ተናግረው ነበር። ቅሬታው የተነሣው ግን በጸረ ሽብር ክሱ ሂደት ውስጥ ነበርና፣ በ2007 ዓ.ም. የተሰጠው ፍርድ የተከሳሾቹን ጥፋተኛነትና ቅጣት የሚመለከት ሆነ።

ለምሳሌ አንድ ሰው በካምባ ፖሊስ ጣቢያ ተይዞ ጉዳት ደረሰበት እንበል። በወረዳው ፍርድ ቤት ያቀረበው የካሳ ክስ ውድቅ ቢሆን፣ ይግባኙ አርባ ምንጭ ለሚያስችለው የጋሞ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ጊዜውም 60 ቀን ነው። ዋናው ክስ ግን በቁጥር 2143 መሠረት በመርህ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የወንጀል ጉዳዩ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ሰው መብቱ በይርጋ ሊታገድበት ይችላል። ይግባኝ ሰሚውም አዲስ ማስረጃን በመርህ ደረጃ አይቀበልም። ስለዚህ የሐኪም ወረቀቱ፣ የተያዘበት ቀንና ምስክሮቹ ካምባ ላይ በመዝገቡ ካልገቡ፣ አርባ ምንጭ የሚደርሰው ባዶ መዝገብ ነው።